ሊቀ ጎታቹና የውሃ ገንዳው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ያህል ይመጣል? ወጣት ሳለሁ መልሱን በወፋፍራም መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ካረጀሁ ወዲህ ግን ለመልሱ የቀረበው አንድ ሰው ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም ፈላስፋ ሳይሆን ፕላስቲክ ጎታች ነው።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ፣ እጁ የገባውን ነገር ሳያጥፍ፣ ሳይጎትት፣ በጥፍሩ ሳይጭር የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ባልዲ ስታዩ ውሃ ታስባላችሁ፤ እሱ እጀታው የት ጋ እንደሚበጠስ ያስባል።

የእኛው በኬብል ፋብሪካችን ቤተ ሙከራ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሏል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን፤ ሊቀ ጎታች እንለዋለን። ሥራው የሽቦውን የፕላስቲክ ሽፋን መፈተን ነበር። ቁራጩን በማሽን መንጋጋ አስነክሶ ይጎትትና ስንት እጥፍ ተለጥጦ እንደተበጠሰ ይጽፋል። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ይለቅበትና ሽፋኑ አላሳልፍ ብሎ እስከ ምን ድረስ እንደሚጸና ያያል። ችግሩ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማሽኑን ያጠፋል፤ እጁን ግን አያጠፋም።

የዕቃ መደብሩ ባለቤት ገና ከሩቅ ሲያየው ባልዲዎቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሊገዙ ነው ሊሰብሩ?»

«ካልተሰበረ እገዛዋለሁ።»

«እኔ እኮ የምሸጠው ለሚሸከሙት እንጂ ለሚታገሉት አይደለም!»

በእህቱ ልጅ ሠርግ ዕለት፣ እንግዳ ሳይገባ ስልሳ የፕላስቲክ ወንበር አንድ በአንድ እየገለበጠ እግር እግራቸውን ተጫናቸው። እህቱ ራሷን ይዛ፣ «ኧረ በፈጠረህ፣ ዛሬን እንኳ እንደ ሰው ሁን!» አለችው። እሱ አራቱን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ «እነዚህን ፀሐይ በልቷቸዋል» አለ። ማን ይስማው! የሙሽራው አጎት ከአራቱ በአንዱ ተቀመጡ። ንግግር ለማድረግ ሲጋበዙ የተነሱት ከወለሉ ላይ ነበር።

ባለቤቱን እንዴት እንደቻለችው ብጠይቃት፣ «ሃያ ስምንት ዓመት ሲጎትተኝ ኖሯል፤ እንዳልተበጠስኩ እንኳ አንድ ቀን አልጻፈልኝም» አለችኝ።

እኔና እሱ የተጣላነው በፕላስቲክ ቅልቅል ነው። የቅልቅል ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ ኬሚስት፣ ባለ ዲግሪ፣ ያውም ትዕቢተኛ። አዲስ ፕላስቲክ ከአሮጌ ጋር አቅልጬ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጨምሬ ሽፋን ሠራሁ። ማሽኑ ጎተተው፤ ጸና። ኤሌክትሪክ ተለቀቀበት፤ ጸና። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨበጡኝ። ሊቀ ጎታች ግን አንድ ጥቅል ሽቦ ቆርጦ ሞቅ ባለ ውሃ ገንዳ ውስጥ ነከረና ኤሌክትሪክ ለቆበት ሦስት ሳምንት ጠበቀ።

«ደረቅ ሳለ ጨዋ ነው» አለኝ መዝገቡን እያሳየኝ። «ውሃ ሲነካው ግን ምስጢር ያወጣል።»

ለካ ዱቄቱ ውሃ እየሳበ ለኤሌክትሪኩ መሹለኪያ ይከፍትለት ኖሯል። እኔ የሞከርኩት በደረቁ ብቻ ነበር።

«መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ገዢው ሆስፒታል ነው፤ ፈርም!» አሉት ሥራ አስኪያጁ።

«የሆስፒታል ወለል አይታጠብም እንዴ?» አለና አልፈረመም። ከሥራ እንደሚባረር ሲነግሩት ብዕሩን ኪሱ ከትቶ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

መኪናው ባዶውን ተመለሰ። እኔም ወር ሙሉ ሰላምታ ነፈግሁት። ከዚያ ትዕቢቴን ውጬ ዱቄቱን ቀነስኩ፤ የቀረውንም ውሃ እንዳይስብ ለብጬ ቅልቅሉን እንደገና ሠራሁ። አዲሱን ጥቅል ነከረው። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ፈረመ። ጥቅሉን ግን ከገንዳው አላወጣም።

«አልፏል እኮ! አውጣው እንጂ» አልኩት።

«ማለፉንማ አወቅን። ዕድሜውን ነው ያላወቅነው።»

ጥቅሉ ኤሌክትሪክ እንደተሸከመ አሥራ ሰባት ዓመት ውሃ ውስጥ ኖረ። ሊቀ ጎታች በየማለዳው የጎደለውን ውሃ ይሞላል፤ ቆጣሪውን ያያል፤ አንድ መስመር ይጽፋል፤ «አልወደቀም»። እኔም ጉዳይ ያለኝ እየመሰልኩ በየማለዳው በዚያ አልፍ ነበር። ሌላው ሥራዬ በየሰው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል፤ ማንም አያየውም። እዚያ ገንዳ ዘንድ ግን አንድ ሰው በየቀኑ ደኅንነቴን ይጠይቅልኝ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ የእጅ ቦርሳ ሸለሙት። መጀመሪያ እጀታውን ጎተተ፤ ሳቅን። ከዚያ እንዲህ አለ፤ «አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ገንዳውን አታጥፉብኝ። ራሱ እስኪወድቅ ይቆይ፤ የወደቀ ዕለት ደውሉልኝ።» አጨበጨብን። ሥራ አስኪያጁም «በደስታ!» አሉ።

ሰኞ ማተሚያ ማሽን መጣ፤ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ሶኬት የገንዳው ብቻ ነበር። ማሽኑን ሊተክል የመጣው ሠራተኛ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» አለኝ። ለገዛ ሥራዬ መለመን አሳፍሮኝ ዝም አልኩ። አጠፋው።

ጥቅሉን ወደ ቤቴ ወሰድኩት፤ ከመጻሕፍቴ ጎን ተቀምጧል። አንዳንዴ አንስቼ ጎተት አደርገዋለሁ፤ በሽታው ተጋብቶብኛል መሰል። እሱ ዛሬም በየወሩ ይደውላል። ስለ ጤናዬ አይጠይቅም፤ ስለ ጤናውም አይነግረኝም።

«ወደቀ?» ይለኛል።

«አልወደቀም» እለዋለሁ። ውሸት አይደለም።

«ጎሽ! አደራ፣ እንዳታጠፉት።»