ከክርን በታች ምንም የለም

[በርገን፣ ኖርዌይ። በአንድ የሆስፒታል መስታወት ክፍል በር ላይ ያለ የእጅ መታጠቢያ። ዓሣ አጥማጁ ኦድቫር እህቱን ቶርዲስን ካያት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ወደ ደሴቱ የሚመልሰው ጀልባ ሊነሳ ደግሞ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ቶርዲስ መቅኔ ከተቀየረላት ወዲህ ተራ ጉንፋን እንኳ ይገድላታል። ነርሱ ሌይፍ ሳይፈቅድ ማንም አይገባም፤ ሌይፍ ደግሞ መፍቀድ አይወድም።]

ሌይፍ፦ ሃያ ስምንት ሰከንድ ነው! ሠላሳ አልሞላም።

ኦድቫር፦ ሞልቷል። «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ፣ «አሜን» ስል ጨረስኩ። ጀልባ ላይም የምለካው በዚሁ ነው።

ሌይፍ፦ ጋሼ ኦድቫር፣ ጸሎት መለኪያ አይደለም። ሰዓት የለህም?

ኦድቫር፦ አንተው አይደለህ አውልቅ ያልከኝ?

ሌይፍ፦ ነኛ! ከክርን በታች ሰዓት የለ፣ ቀለበት የለ። ጀርም የሚደበቀው እዚያ ነው። እኔ የጋብቻ ቀለበቴን እንኳ ቤት ትቼ ነው የምመጣው።

ኦድቫር፦ ሚስትህ ምን አለች?

ሌይፍ፦ ስለ ጀርም አስረዳኋት። አሁን እሷም አታደርግም።

ኦድቫር፦ ታዲያ አንተ ሠላሳውን በምን ትለካለህ?

ሌይፍ፦ በስልክ ነዋ! እየኝ። [ይታጠባል። ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ስልኩ ይጮኻል። በረጠበ ጣቱ ያጠፋውና ኪሱ ይከተዋል።] ንጹሕ እጅ ማለት ይሄ ነው።

ኦድቫር፦ ጣትህ ታጥቧል። ስልኩስ?

ሌይፍ፦ ስልክ ይታጠባል እንዴ? ይበላሻል እኮ!

ኦድቫር፦ እውነትህን ነው። እኔ የባሕር ሰው ምን አውቄ። ሽንት ቤትም አብሮህ ይገባል?

ሌይፍ፦ እንዴታ! የንጽሕና መመሪያውን የማነበው እዚያ ነው። አንዲት ደቂቃ አላባክንም።

ኦድቫር፦ ጎበዝ። [ያስባል] እኔም የኔን ላምጣ? መግቢያው ላይ «ስልክ እዚህ ይቀመጥ» ስለሚል ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ሌይፍ፦ በጭራሽ! የጠያቂ ስልክ ቆሻሻ ነው።

ኦድቫር፦ ያንተስ?

ሌይፍ፦ የኔ የሠራተኛ ነው።

ኦድቫር፦ እሺ ልጄ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያለችኝ ቶርዲስ ብቻ ናት። በእጄ እንዳልገድላት ፈርቼ ነው የምጠይቅህ። አሥር ጊዜ ታጠብ ካልከኝ አሥር ጊዜ እታጠባለሁ።

ሌይፍ፦ ይኸው፣ አሁን ገባህ። እኔ እቆጥርልሃለሁ፤ ጀምር።

[ኦድቫር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ «አሜን» ይታጠባል። ምንም እንዳይነካ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ይቆማል። ሌይፍ ስልኩን አይቶ «ሠላሳ ሁለት» ይላል፤ ቅር ብሎታል። ከመስታወቱ ወዲያ ቶርዲስ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፋ ታሳያቸዋለች።]

ኦድቫር፦ ምን ትላለች? መነጽሬም ሳጥኑ ውስጥ ቀርቷል።

ሌይፍ፦ [ያነባል። ጆሮው ይቀላል።] «ሦስት ሳምንት ሙሉ በመስታወቱ ሳይ ቆየሁ። በናትህ፣ እጅህን ታጠብ» ትላለች።

ኦድቫር፦ ወይ ጉድ! ደግሜ ልታጠብ?

ሌይፍ፦ [ስልኩን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት] አንተ ግባ፣ ጋሼ። እኔን ነው።