ጋሽ ሙኒር የማያምኗት ሪሌ

ያን ቀን መካ ላይ አየሩ መለብለብ የጀመረው ፀሐይ ሳትወጣ ነበር። ነፋሱም ቢሆን ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ነው። የሩዙን ድስቶች አሮጌዋ ፒካፓችን ላይ ጭነን ጨርሰናል፤ ልጄ ሱዓድ ቁልፉን ደጋግማ ታዞራለች፤ ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይነሳም። ዓዚዚያ ሰፈር ያረፉ ሑጃጆች ይጠብቁናል። የማረፊያው ኃላፊ ደግሞ "አንድ ቀን ካረፈድሽ ኸላስ፣ ሌላ አብሳይ አመጣለሁ" ብሎኛል።

ሁሉን የሚጠረጥር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ የመንሱር ሰፈሩ ክቡር ተጠራጣሪ ጋሽ ሙኒር ናቸው። ጅዳ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ሥራ ያቆሙ ጎረቤታችን ናቸው። ሥጋ ሲገዙ ሚዛኑን ገልብጠው ያያሉ። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ "ማን ላከው?" የሚሉ ይመስለኛል። ስለ መኪና ሲወራ ደግሞ "ሽቦ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው" ይላሉ።

ይህ ነገር ይጋባል መሰለኝ፣ እኔም እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ። መኪናዋን በሠሩ ቁጥር ምሳ እኛ ቤት ይበላሉ፤ በበሉ በሳምንቱ መኪናዋ ትቆማለች። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ስለ ኤሌክትሪክ ምን አውቃለሁ? ስለ ምሳ ግን አውቃለሁ።

አስጠራናቸውና መጡ።

"ዝም በሉ!" አሉ፣ ጆሯቸውን ቤንዚን መሙያው ላይ ደግነው። "ሱዓድ፣ ቁልፉን ክፈቺ። ሞተሩን እንዳታስነሺ።"

ምንም ድምፅ የለም። በደህናው ጊዜ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ ከታንከሩ ውስጥ እንደ ንብ እዝዝ ይል ነበር።

"ፓምፑ ሞተ ማለት ነው?" አልኩ።

"አንች ደግሞ ለመቅበር ትቸኩያለሽ!" ሽቦ የታሰረባትን ትንሽ አምፖላቸውን ወደ ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ ላይ አስነኳት። አልበራችም። "አየሽ? ቀለቡ አልደረሰውም። መንገድ ላይ የሚበላበት አለ።"

ፊውዙን አዩ፤ ደህና ነው። ቀጥለው ኤሌክትሪኩን ለፓምፑ የምታሳልፈውን ጥቁር ሪሌ ነቀሉና አሸተቷት። "ተቃጥላለች። ሌባዋ እሷ ናት።"

"የክላክሱን ሪሌ እናስገባላ፣ ዓሚ" አለች ሱዓድ፤ እንደ እዚህ አገር ልጆች አጎቴ ስትል ነው።

"ይችው ናት እኮ የክላክሱ! ረመዷን ላይ አይደል ያዛወርናት?"

እውነታቸውን ነው። ከረመዷን ወዲህ ክላክስ የለንም፤ ሱዓድ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ጠሪግ! ጠሪግ!" እያለች መንገድ እየለመነች ነው የምትነዳው።

ጋሽ ሙኒር ሪሌዋን ኪሳቸው ከተው በመንገዱ ጥግ ታጠፉ።

"ሱብሃነላህ፣ ይዘዋት ሄዱ!" አልኩ። በዚያ ሙቀት እንኳ ድስቶቹ የሚቀዘቅዙ መሰለኝ።

በላብ ተጠምቀው ተመለሱ። ሪሌ ሰኩ፤ ታንከሩ እዝዝ አለ። "ያላ፣ ሂዱ!"

ደረስን። ሑጃጆቹ በሉ፤ ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ ወደ ሥራው ዞረ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። መለዋወጫ ሱቆች በዚያ ሰዓት ዝግ ናቸው፤ ታዲያ ሪሌዋ ከየት መጣች? ለምሳ ሲሉ ነቃዩም ሰኪውም እሳቸው ናቸው ብዬ ፈረድኩ።

ሰንበት ብሎ ሱዓድ በደጃቸው አልፋ መጣች። "ማማ፣ የዓሚ ሙኒር መኪና አቧራ ለብሳለች።" የእኛው ዓይነት አሮጌ ፒካፕ ናት። ሄጄ ሳይ ጎማዋ ሥር ድመት ወልዳለች።

አዲስ ሪሌ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ወደ ብርሃን አንስተው አገላበጧት፤ አሸተቷት።

"ከየት ናት?"

"ከሱቅ።"

"ወላሂ አልሰካትም። ፎርጅድ ናት።"

"ታዲያ የራስዎን መኪና ሪሌ ነቅለው ለምን ሰጡኝ?"

"ለሑጃጅ ቀለብ የማላምናትን ልሰካ ኖሯል?" ብለው ተቆጡኝ።

መኪናቸው እስከ ዛሬ እንደቆመች ናት። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ከእኛ ጋር ዓዚዚያ ይመላለሳሉ፤ ሱዓድ ትነዳለች፣ እኔ መሃል ነኝ፣ ጋሽ ሙኒር በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው "ጠሪግ!" ይላሉ። ምሳ እኛ ቤት ነው።