የአቶ ከፋለ ኮት እና የቴሌቪዥኑ ድሃ

ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.። ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ ሲመጣ ከአውቶቡስ ጣራ አውርደው እስከ ቀበሌው አዳራሽ የተሸከሙት አቶ ከፋለ ናቸው።

ስብሰባው በቢቸና፣ በዚሁ አዳራሽ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። የተገኙት፦

ጓድ ገብረ ኪዳን፣ ሊቀመንበር፤
ጓድ ውበቴ፣ የሴቶች ማኅበር ተወካይ፤
መሪጌታ አካለ ወልድ፣ በሽማግሌነት የተጠሩ፤
አቶ ከፋለ፣ ተሸካሚ፣ አመልካች፤
ይርጋነሽ ከፋለ፣ የአመልካቹ ልጅ፣ ሳትጠራ የመጣች፤
ጓድ ፈረደ፣ ጸሐፊ።

ምልዓተ ጉባኤ ለመሙላት አንድ ሰው ስለጎደለ ዘበኛው ፋንታ በሩ ላይ እንደቆመ እንዲቆጠር ተደረገ። ፋንታ ጠመንጃ እንደያዘ እጁን እንዴት እንደሚያወጣ ጠየቀ። በግራው እንዲያወጣ ተነገረው።

አጀንዳ አንድ፤ የአቶ ከፋለ አቤቱታ

አቶ ከፋለ እንዳስረዱት፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቴሌቪዥኑ «የጋሼ ድንብሩ ቤት» የሚባል አስቂኝ ድራማ ያሳያል። ጋሼ ድንብሩ ተሸካሚ ነው። ይሰክራል፤ የሰው ሻንጣ ይጠፋበታል፤ ሚስቱ በማማሰያ ታሳድደዋለች፤ በመጨረሻ ከተቀመጠበት ዱካ ላይ ይወድቃል፤ አዳራሹ ይስቃል። የሚለብሰው ክርኑ የተጣፈ ኮት ቁርጥ የአመልካቹን ኮት ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው አመልካቹን «ድንብሩ» እያለ ይጠራቸዋል። ዕቃ የሚያሸክማቸውም ሁሉ «እስቲ ውደቅልን» ይላቸዋል።

ሊቀመንበሩ ይህ ቀልድ መሆኑን አስገነዘቡ። አመልካቹ ቀልድ መሆኑን እሳቸው እንደሚያውቁ፣ የሞጣ ሰዎች ግን እንደማያውቁ ገለጹ። ይርጋነሽ ለሞጣው ለአቶ ሣህለ ማርያም ልጅ ታጭታለች። ሞጣም ቴሌቪዥን ገብቷል። አቶ ሣህለ ማርያም «የሠርጉን ቀን ከመቁረጣችን በፊት ሐሙስ መጥተን ቤቱን በዓይናችን እናያለን» ብለው ልከዋል። ሐሙስ ዛሬ ነው።

«እኔን ሊያዩ አይደለም የሚመጡት፤ ያንን ሊያዩ ነው። አይተው ሲመለሱ ልጄ ቆማ ልትቀር ነው» አሉ አመልካቹ። አክለውም «ይህ ሣጥን ምን እንደያዘ ባውቅ ኖሮ ገበያው መሃል እለቀው ነበር» ያሉት ቃል በቃል እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ተያዘ። ሊቀመንበሩ እንዲሰረዝ አዘዙ። ተሰርዟል።

አጀንዳ ሁለት፤ ጋሼ ድንብሩ በእርግጥ ድሃ መሆን አለመሆኑ

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። ጓድ ውበቴ አመጡት። ድንብሩ ድሃ ከተባለ እሳቸው ምን ሊባሉ እንደሆነ ጠየቁ። ባለፈው ሐሙስ የድንብሩ ቤተሰብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ራት በልቷል። ሶፋ አለው። መብራት ጠፍቶበት አያውቅም። ቤቱ ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ በአራተኛው በኩል ግን ብርድ አይገባም።

«ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ከሚስቱ ጋር ሲሟገት የሚውል ተሸካሚ የት አገር ነው ያለው? ንገሩኝና ልሂድ።»

መሪጌታ አካለ ወልድ ሌላ ነገር እንደከነከናቸው ተናገሩ። ሻንጣ የሚጠፋበት ነጋዴ አንድም ቀን ሲወድቅ አላዩም። ሁልጊዜ የሚወድቀው ተሸካሚው ነው። ሊቀመንበሩ ሀብታም በአብዮቱ አንድ ጊዜ ስለወደቀ ደግሞ ሊወድቅ እንደማይችል አብራሩ።

«እኛስ ከአብዮቱም በፊት የወደቅን ነን፤ ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ምን ቀርቶን ነው የምንወድቀው?» አሉ መሪጌታ።

ሊቀመንበሩ ውይይቱ በቂ መሆኑን ገለጹ።

በዚህ ጊዜ ይርጋነሽ ለመናገር ጠየቀች። ነገሩ እሷን እንደማይመለከት ተነገራት። ማንን እንደሚመለከት ጠየቀች። ከምክክር በኋላ ተፈቀደላት። ሐሙስ ሐሙስ እሷም ከኋላ ቆማ እንደምታይና እንደምትስቅ ተናገረች።

አቶ ከፋለ «አንቺም?» አሉ።

«ሁሉ ሲስቅ እኔ ዝም ካልኩ ዞረው እኔን ያያሉ፣ አባዬ።»

ይህ አጀንዳ ስላልነበረ አልተወያዩበትም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ። ጋሼ ድንብሩ ድሃ አለመሆኑ እንዲታወቅ። ቴሌቪዥኑ በሊቀመንበሩ ጋቢ ተሸፍኖ እንግዶቹ ሲጠይቁ «ታሟል» እንዲባል። አቶ ከፋለ ኮታቸውን አውልቀው የሊቀመንበሩን ኮት እንዲለብሱ፤ የአመልካቹ ኮት ለፋንታ እንዲሰጥ። እንዲሁም አመልካቹ ዱካ ላይ ሳይወድቁ መቀመጥን እንዲለማመዱ። አመልካቹ በዕድሜያቸው ከዱካ ወድቀው እንደማያውቁ ተከራከሩ። ቢሆንም እንዲለማመዱ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ተለማመዱ። አልወደቁም።

የሊቀመንበሩ ኮት ለተሸካሚ ትከሻ ጠበበ። ጓድ ውበቴ አመልካቹ በኃይል እንዳይተነፍሱ አሳሰቡ። ፋንታ አዲሱን ኮቱን ለብሶ፣ ላሙ ስላልገባች ሊፈልጋት ወጣ። ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ። ማንም አላነሳውም።

አጀንዳ ሦስት፤ እንግዶችን ስለመቀበል

የአቶ ከፋለን ቤት ሲጠይቁ ወደ አዳራሹ የተመሩት እንግዶች ከአጀንዳው ቀድመው ገቡ። አቶ ሣህለ ማርያምና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩአየሁ ለበዓል የሚለበስ ለብሰዋል። የወይዘሮ ጥሩአየሁ ሹሩባ ዛሬ የተሠራ ነው። ከሰላምታ በኋላ አቶ ሣህለ ማርያም አቶ ከፋለን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና «ኮቱስ?» አሉ።

የትኛው ኮት እንደሆነ ተጠየቁ።

«ያ በቴሌቪዥን የሚለብሱት ነዋ! ሞጣ እኮ ሰው ሁሉ ያውቅዎታል። ‹ድንብሩ ዘመዳችሁ ሊሆን ነው አሉ› እያለ ጎረቤቱ በቅናት አላስተኛን አለ።»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ እንዳብራሩት፣ ሐሙስን የመረጡት ድራማው ሳይጀምር የድንብሩ ቤት ገብተው ሶፋው ላይ ለመቀመጥ ነው። የሞጣ አዳራሽ ሞልቶ እነሱ ሲታዩ ለማየት እየጠበቀ ነው። ካልታዩ ግን ተዋርደው እንደሚመለሱና ሠርጉም እንደሚያጠራጥር አልሸሸጉም።

ጉባኤው ተያየ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ድራማው ቀደም ብሎ የሚቀረጽ በመሆኑ የዛሬ እንግዳ ዛሬ እንደማይታይ፣ የሚታየው በሌላ ሐሙስ መሆኑን አስረዱ። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ተጠየቁ። ከሠርጉ በኋላ ያለው እንደሆነ መለሱ።

አቶ ሣህለ ማርያም ይህ እንደሚስማማቸው ገለጹ። ሆኖም ሞጣ ሲመለሱ ድንብሩ በእርግጥ አቶ ከፋለ ናቸው ብለው ለመናገር እንዲችሉ ዱካውን ወደ አቶ ከፋለ አስጠጉና «እስቲ አንድ ጊዜ ይውደቁልን» አሉ።

አቶ ከፋለ ዱካው ላይ ተቀመጡ። ልጃቸውን አዩ። ይርጋነሽ መሬት መሬት አየች።

አቶ ከፋለ ወደቁ።

የሊቀመንበሩ ኮት ከጀርባው እስከ ወገቡ ተተረተረ። እንግዶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሊቀመንበሩም ኮታቸውን እያዩ በግድ ሳቁ። ይርጋነሽ አልሳቀችም። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ዞረው አዩዋት። እሷ ግን አባቷን አንስታ አቧራቸውን ታራግፍ ነበር።

አቶ ሣህለ ማርያም «ዘመዳችን ናቸው፤ ከጾሙ በፊት እንደግሳለን» ሲሉ አረጋገጡ። ዛሬ ማታ ድራማውን ከአቶ ከፋለ ጎን ተቀምጠው፣ አቶ ከፋለም ያን ክርኑ የተጣፈ ኮታቸውን ለብሰው፣ ለማየት እንደሚፈልጉ ጨመሩ። አቶ ከፋለ ወገባቸውን ይዘው «ይሁን» አሉ።

ስለዚህ ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመነሣቱ በፊት በሙሉ ድምፅ የሚከተለውን ወሰነ። ጋሼ ድንብሩ ድሃ ነው። ቴሌቪዥኑ ድኗል፤ ጋቢው ይነሣለት። ዱካ ላይ የመቀመጥ ልምምዱ እንዳልተደረገ ይቆጠር። ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ይህም ውሳኔ ሠርጉ ባለፈ ማግስት ይሻራል። የአቶ ከፋለ ኮት ድራማው ሳይጀምር ከፋንታ ትከሻ ወርዶ እንዲመጣ ጸሐፊው ታዟል።

ጸሐፊው ይህን ለፊርማ እያነበበ ሳለ፣ በመስኮቱ በኩል ከሜዳው ማዶ ክርኑ የተጣፈው ኮት ላሟን ተከትሎ ቁልቁል ሲወርድ ታይቷል። ፊርማው ይቆይ፤ ጸሐፊው ወጥቷል።