የጋሽ ገሠሠ አፍንጫ

መኪና ባለበት ከተማ ሁሉ፣ መኪና የሌለው የመኪና ሊቅ አለ። የተከፈተ ኮፈን አይቶ አያልፍም። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው "እኔ ብሆን ኖሮ..." ብሎ ይጀምራል። ቦንጋ በዚህ ረገድ አልተበደለችም። ጋሽ ገሠሠ አሏት።

ጋሽ ገሠሠ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታው ግን ከመሪው እንጂ ከሥልጣናቸው አላወረዳቸውም። ጠዋት ጠዋት ከመናኸሪያው ማዶ ባለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይሰየማሉ። ባጃጅ ሽው ሲል "የዚህ ፍሬን ሸራ አልቋል፤ እስከ ዓርብ አይቆይም" ይላሉ። ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት "ቫልቩ ነው" ብለው ይፈርዳሉ። አንድ ጊዜ ከሌላ ክልል የመጣ አስተማሪ መኪናው አልነሣ ቢለው፣ ባትሪውንም ሞተሪኖውንም እያሉ ግማሽ ቀን ሲያስፈቱት ውለው በመጨረሻ ነዳጅ መጨረሱ ታወቀ። "እሱንማ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር" አሉ፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

የክብራቸው ጫፍ ግን ናፍጣ ነበር። ማደያው ነዳጅ ሲያጣ ሹፌሮች በየጓሮው በበርሜል ከሚሸጡት ይገዛሉ። ከመግዛታቸው በፊት ግን በውሃ ፕላስቲክ ትንሽ ቀድተው ወደ በረንዳው ያመጣሉ። "ላቦራቶሪው ይየው!" ይባላል። ጋሽ ገሠሠ ጠብታ መዳፋቸው ላይ ያፈሳሉ፤ በሁለት ጣት ያሻሉ፤ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በረንዳው ጸጥ ይላል። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ "ላምባ ገብቶበታል፤ ለፋኖስ ያድርጉት።" ወይም፦ "ንጹሕ ነው፤ ፊርማዬን አኖራለሁ!"

እዚህ ላይ ጋሽ ገሠሠ የደበቁትን ነገር መናገር ግድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ክፉ ጉንፋን ይዟቸው አሥር ቀን ተኝተው ነበር። ሲነሡ አፍንጫቸው አልተነሣም። ያወቁት ባለቤታቸው እትዬ ታንጉት ብቻ ናቸው። ወጡ አርሮ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ጋሽ ገሠሠ ከምድጃው አጠገብ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ታንጉት ዓይናቸውን አስጨፍነው የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫቸው ሥር ያዙ።

"ምንድን ነው?"

"ውሃ።"

"ታዲያ እዚያ በረንዳ ላይ የምታሸተው በምንህ ነው?"

"ጣቴ ያውቃል" አሉ ጋሽ ገሠሠ። እውነትም ነበር። ላምባ የገባበት ናፍጣ ይቀጥናል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ የሠላሳ ዓመት ጣት ይህን አይስትም። ስለዚህ ዓይን መጨፈኑ ለወጉ ያህል ነው ብለው ራሳቸውን አሳመኑ።

ዕፀገነት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። አሥር ዓመት ፊዚክስ አስተምራ፣ ትታው አዲስ የጭነት መኪና የገዛች፣ ራሷ የምትነዳ ሴት ናት። ማደያው ባዶ ከሆነ ሦስት ቀኑ ነበር። ዋጫ አካባቢ ደግሞ ገበሬዎች የደረቀ ቡናቸውን ተሸክመው አስፋልት ዳር አውርደው፣ ሰማዩን እያዩ ይጠብቋታል።

"ጋሽ ገሠሠ" አለች ፕላስቲኩን በሁለት እጇ እያቀረበች፣ "የነዳጅ መያዣው ክዳን ላይ 'ድኙ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣ ብቻ' ይላል። መመሪያው መጽሐፍም እንደዚያው ነው። ማደያው ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ነዳጅ ይገባለታል ይላሉ። ልጠብቅ ወይስ ከበርሜል ልቅዳ?"

ሰባት ሹፌሮች ወደ እሳቸው ዞሩ።

ስለ ድኝ ጋሽ ገሠሠ የሚያውቁት ስሙን ብቻ ነበር። እሳቸው ሲነዱ የነበሩ መኪናዎች የተገኘውን ይጠጡ ነበር። "ጠብቂ" የምትል ቃል እስከ ጥርሳቸው ደርሳለች። ነገር ግን "ጠብቂ" ማንም የሚለው ነገር ነው፤ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። መዳፋቸውን ዘረጉ። አሹ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ድኝ የለበትም። ፊርማዬን አኖራለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ዕፀገነት፤ ሄደችም።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ማደያው ሲያጥር ሁሉ፣ ለሁለት ወር ያህል፣ ከዚያው ጓሮ ቀዳች። ሰው አክባሪ ናትና በየሳምንቱ ፕላስቲኩን ታመጣለች፤ ጋሽ ገሠሠም በየሳምንቱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን "ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል" ብትላቸው፣ "አዲስ መኪና ቅብጥብጥ ነው፤ አትስሚው" አሏት።

ከዋጫ ሙሉ ጭነት ይዛ ስትመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ መብራቱ ቀላ፤ መኪናው ጉልበት አጥቶ ቆመ። ዝናቡም መጣ። ሁለት ሌሊት እዚያው አደረች። ነፋሱ ሸራውን ገልቦት በጎን በኩል የነበሩት ጆንያዎች በዝናቡ ራሱ። በመጨረሻ ሌላ መኪና ጎትቶ ቦንጋ አመጣት።

ከጅማ የተጠራው መካኒክ ሰላሐዲን ኮምፒውተሩን ሰክቶ አነበበ፤ ከዚያ የጭስ ማውጫውን ማጣሪያ ፈትቶ አወጣ። ሹፌሮቹ ከበዋል። ጋሽ ገሠሠም እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ከፊት ቆመዋል፤ ቦታው የሳቸው ነውና ማንም አልተጋፋቸውም።

"ይኸው፣ ተደፍኗል" አለ ሰላሐዲን። "ድኝ የበዛበት ናፍጣ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ከየት ነው የምትቀጂው?"

የሹፌሮቹ ዓይን ቀስ እያለ ወደ ጋሽ ገሠሠ ሄደ። ዕፀገነት ግን ወደዚያ አልዞረችም።

"ከመንገድ" አለች።

"አንድ የሚያውቅ ሰው እንኳ አጥተሽ ነው?"

"አልጠየቅኩም።"

ጋሽ ገሠሠ "እኔ ነኝ" ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰባቱን ሹፌሮች አዩ፤ ዘጉት። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበቱ ጭቃውን እየረገጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሦስት ቀን በረንዳው ላይ አልታዩም። "እግሬን አሞኛል" አስባሉ። ይባስ ብሎ ሹፌሮቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ፤ ትራስ አስተካከሉላቸው፤ "ያለ እርስዎ በረንዳው ኦና ሆነ" አሏቸው። ጋሽ ገሠሠ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው ግድግዳውን ያዩ ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ እትዬ ታንጉት ከበሩ ላይ ሆነው፣

"የታመመው እግርህ ነው ወይስ ምላስህ?" አሉ።

በአራተኛው ቀን ተነሡ።

ዕፀገነት ግቢዋ ውስጥ የራሰውን ቡና ሸራ ላይ አስጥታ፣ ተንበርክካ የሻገተውን ትለቅማለች። ጋሽ ገሠሠ በመንገድ ላይ ያዘጋጁት ረጅም ንግግር ነበራቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው።

"ዕፀገነት፣ እኔ አላሸትም።"

"ምን አሉኝ?"

"አፍንጫዬ አይሠራም። ሦስት ዓመቱ።"

እጇ ቡናው ውስጥ እንዳለ ቀረ። "በየሳምንቱ አመጣልዎ ነበር እኮ።"

"አዎ።"

"ዓይንዎን ይጨፍኑ ነበር እኮ!"

"አዎ፣ ልጄ።"

"ለምን?"

ጋሽ ገሠሠ ለዚህ የተሻለ መልስ ቢኖራቸው በወደዱ። "ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል" አሉ። "ሌላ የምጠየቅበት ነገር የለኝም።"

ዕፀገነት የሻገተች ፍሬ አንሥታ ወደ ጎን ወረወረች። "እኔ አንብቤ ነበር" አለች። "ክዳኑንም መጽሐፉንም አንብቤ፣ ያነበብኩትን ትቼ እርስዎን አመንኩ። ለገበሬዎቹ ምን ልበላቸው?"

"ያን ዕለት ለምን ሸፈንሽኝ?"

"ሰው ፊት ስለነበርን ነው። ይቅር ብዬዎት አይምሰልዎት።"

ጋሽ ገሠሠ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሂዱ ስላልተባሉ አልሄዱም። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከሸራው ጫፍ ተቀመጡና መልቀም ጀመሩ። ሻጋታውን አሽትተው መለየት አይችሉም፤ እያንዳንዷን ፍሬ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ ያያሉ። እስኪመሽ ሲለቅሙ ቆዩ።

በማግስቱ ወደ ዋጫ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረው ጥፋቱ የሳቸው መሆኑን ለገበሬዎቹ ተናገሩ። ሲመለሱ በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ፤ አልተቀመጡም። አፍንጫቸውንም ፕላስቲኩንም የዕፀገነትንም መኪና ለሹፌሮቹ በሙሉ አወሩ። አንዱ ሊስቅ ጀመረና ፊታቸውን አይቶ ተወው።

"የኔን ላምባ አለበት ያሉኝስ?" አለ ሚሊዮን የሚባለው ሹፌር።

"እሱ በጣቴ ነው፤ ልክ ነበር። ድኝን ግን ጣትም አፍንጫም አያውቀውም። መኪናህ የሚፈልገውን መጽሐፉ ላይ ታነባለህ፤ የመጣው ናፍጣ ስንት ድኝ እንዳለበት ደግሞ ማደያውን ወረቀት ትጠይቃለህ። በርሜል ወረቀት የለውም።" ትንሽ ቆዩና፣ "ይህን የነገረኝ ሰላሐዲን ነው" ብለው ጨመሩ። ይህን ማለቱ ከሁሉም ከበዳቸው።

መኪናው ተጠግኖ በወጣ ሳምንት ማደያው ነዳጅ ሊገባለት መሆኑ ተሰማ። ዕፀገነት ገና ሊነጋጋ ሲል መኪናዋን ይዛ ስትደርስ ሰልፉ ውስጥ አንድ የመኪና ቦታ ክፍት ነበር። ክፍተቱ መሀል ጋሽ ገሠሠ፣ በዝናብ፣ ላስቲክ ተከናንበው ቆመዋል። ቦታ ይዘውላት ነው። መኪናዋን አስገባች።

ተራቸው ሲደርስ የማደያው ሠራተኛ የጭነቱን ወረቀት አመጣ። ጋሽ ገሠሠ ተቀበሉት፤ አንዲቱንም የእንግሊዝኛ ቃል አላወቋትም። ሰልፈኛው ሁሉ እያያቸው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣

"ዕፀገነት፣ እኔ አይገባኝም። አንብቢልኝ። ላንቺ መኪና ይሆናል?" አሉ።

ቁጥሩን በጣቷ አሳየቻቸው፤ ከመመሪያው መጽሐፍ ቁጥር ጋር አስተያየችላቸው፤ ለተማሪ እንደሚደረገው ሁለት ጊዜ።

"ይሆናል" አለች።

ክዳኑ ተከፈተ። ዝናቡ ጠነከረ። ጋሽ ገሠሠ ላስቲኩን ከራሳቸው ላይ አነሡና ውሃ እንዳይገባበት በመያዣው አፍ ላይ ዘርግተው ያዙ፤ ሽበታቸው ላይ ዝናቡ እየወረደ፣ እስኪሞላ ድረስ።