ቅቤ፣ ዘይትና የልብስ ሳሙና

ወላይታ ውስጥ ሰው ብቻውን አይታመምም። ራስሽን ቢያምሽ እንኳ ሕመሙ የአንቺ፣ ስብሰባው የሰፈሩ ነው። መድኃኒቱን ጎረቤት ያዝዛል፣ ምክንያቱን አማች ያውቃል፣ ውጤቱን ባጃጅ ነጂው ቀድሞሽ ይሰማል። ሐኪም የሚባለው ፍጡር ሁሉም ሲታክታቸው ለይስሙላ ይጠየቃል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ የእኛን ሰፈር አላዩም፤ እኛ ዘንድ መከራው በሽታውን ላልደበቀ ሰው ነው፣ መድኃኒት ይበዛበታል።

ሶዶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ውስጥ ሽምብራ የምታህል ነገር ጣቴን ገጨችው። ሽምብራ ድስት ውስጥ ደስ ትላለች፤ ጡት ውስጥ ስትገኝ ግን ሌላ ነች። ሦስት ቀን ሙሉ ጨርቅ ስለካ ቁጥሩ እየጠፋብኝ፣ «የመጨረሻዋን ልጄን ማን ይድርልኛል?» ስል ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዳሰሰኝና የጡት ራጅ፣ እነሱ ማሞግራም የሚሉትን፣ አዘዘልኝ፤ አንዲት ወረቀትም ሰጠኝ።

ወረቀቷ ለሰው ልጅ የምትከብድ አልነበረችም። የወር አበባ የምታዪ ከሆነ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ነይ፣ ያኔ ጡት ያን ያህል አያምም። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ልበሺ። በዕለቱ ብብትሽንና ጡትሽን ዶድራንት፣ ፓውደር፣ ሎሽን፣ ቅባት አታስነኪ፤ ፎቶው ላይ ነጥብ መስሎ ያሳስታል። አለቀ! ይህችን ወረቀት ሰፈሬ በአንድ ጠዋት እንዴት ድራሿን እንዳጠፋት ልንገርሽ።

መጀመሪያ የመጣው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ተከራያችን ነው። «እትዬ፣ ጨረሩ ራሱ በሽታ ያመጣል» አለኝ። በምን አወቅህ ስለው፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ! ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው! አምና ከሞተር ወድቆ እግሩ ሲሰበር የተነሣውን ራጅ መስኮት ላይ ሰቅሎ እንግዳ ሲያስጎበኝበት የከረመው ይኸው ሰው ነው። በኋላ ሐኪሙን ስጠይቀው ጨረሩ ጥቂት መሆኑን፣ የሚያስፈራው ሳይታይ የቀረ እብጠት መሆኑን ነገረኝ።

ቀጥሎ የጸሎት ቡድናችን እህቶች ገቡ። ለጸሎት እምቢ አይባልም፤ እኔም አማኝ ነኝና ተንበረከክሁ። ጸሎቱ ግን ብቻውን አልበቃቸውም። መሪያቸው የዘይት ጠርሙሷን አወጣች። ወረቀቱ ቅባት ይከለክላል ብላት፣ «ይሄ ቅባት አይደለም እህቴ፣ የጌታ እጅ ነው» አለችኝ። የጌታ እጅ እስከ እምብርቴ ወረደ።

እሱ ሳይደርቅ ታላቅ እህቴ አበበች ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከገሱባ ደረሰች። ማሽኑ ጡት እንደሚጨምቅ ሰምታለች። «ሚቼ፣ እህቴ፣ ሞኝ አትሁኚ! ቅቤ ከተቀባሽ ብረቱ ያንሸራትትሻል እንጂ አይዝሽም» አለች። ማሽኑን የሠሩት ሊቃውንት ገሱባን ሳያማክሩ መቅረታቸው ቆጨኝ። ለገበያተኛ ሁሉ የማይመለሰው ምላሴ ለታላቄ ታሰረ፤ ቀባችኝ። ወረቀቷን ያነበብኩት እኔ፣ ተለውሼ ባጃጅ ላይ የወጣሁትም እኔ! ታዲያ ማን ላይ ልሳቅ?

የራጅ ባለሙያዋ ቆፍጣና ሴት ናት። ልብሴን ሳወልቅ ሽታው ቀደመኝ። ይሄ ምንድን ነው አለችኝ። ቅቤ፣ አልኩ። ከሥሩስ? ዘይት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እማማ፣ ሽንኩርቱ ነው የቀረዎት» አለች። ከዚያ የልብስ ሳሙና አስይዛ ወደ ቧንቧው ሰደደችኝ። ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል ያለሽ ሰው ካለ ውሸታም ነው። ሦስት ጊዜ ፈትጌ፣ ቆዳዬ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ተመለስኩ።

ያማል ወይ? ሁሉም የሚጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው። አዎ፣ ያማል። ጡትሽ በሁለት ቀዝቃዛ ሳህን መካከል ተጭኖ ይጠፈጠፋል፤ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከጎን። ትንፋሽ ያዢ ትባያለሽ፤ አንድ የመዝሙር ስንኝ ሳያልቅ ይለቅሻል። አምስት ልጅ ወልዳ ይህን የፈራች ሴት እኔ ዘንድ ወሬ አታምጣ።

በአልትራሳውንድም ደግመው አዩኝ። ሽምብራዬ ውሃ የቋጠረች ከረጢት ሆና ተገኘች፤ ክፉ አይደለችም። አብዛኛው እብጠት እንዲህ ነው፣ ሳይመረመር ግን አይታወቅም አለኝ ሐኪሙ። ዛሬ ደህና ነሽ መባልም የዕድሜ ልክ ዋስትና አይደለም፤ አርባን ያለፈች ሴት እብጠት እስኪገጫት ሳትጠብቅ ሐኪሟን ትጠይቅ ብሏል።

ቤት ስደርስ ምስክርነቱ ተጀመረ። መሪዋ ዘይቱ ነው ያዳነሽ አለች። አበበች ቅቤው ነው ያሟሟው አለች። ተከራዩማ «መጀመሪያውኑስ መች ያስፈልግ ነበር?» አለ። ደሜ ፈላ። «ዘይቱንም ቅቤውንም በልብስ ሳሙና አጥቤ ነው የገባሁት! ምስጋና ካላችሁ ለሳሙናው አድርሱ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ በአንድ ተሰናብተው ወጡ። እኔም ያሳፈርኳቸው መስሎኝ ኮራሁ።

በሳምንቱ ከሱቄ ጎን ያለው ባለሱቅ የልብስ ሳሙና አለቀበት። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጡቱን እየፈተገ ነው! ማሽኑ ዘንድ የሄደችስ? አንዲትም።

ትናንት አበበች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደወለችልኝ። «ሚቼ፣ ያቺ ሳሙና ቢጫዋ ናት ሰማያዊዋ?» ለምን ፈለግሽ ስላት ብዙ ከተንተባተበች በኋላ አወጣችው፤ ከጊፋታ በዓል ጀምሮ ቀኝ ጡቷ ውስጥ አንዲት ነገር ይዛለች።

ያጠራቀምኩትን ስድብ ሁሉ ተውኩት። «ሰማያዊዋ ናት» አልኳት። «ግን እውነተኛዋ የምትገኘው ማሽኑ ያለበት ቤት ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ነይ፣ እኔ እወስድሻለሁ። ቅቤ ሳትቀቢ!»

እሷም ባዶ እጅ መሄድ ነውር ስለሆነ ቅቤውን ለባለሙያዋ ትያዝላት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ያዢላት አልኳት፤ ሽንኩርቱን እኔ አመጣለሁ።