በባለቤቴ የተጫወቱ ቃላት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቃላት ተሰብስበው በሰው ሲጫወቱ አየሁ። ያውም በእኔው ሳሎን፣ በእኔው ጠረጴዛ! ያክ የሚባለው ጸጉራም የቲቤት በሬ ወንበሬን ይዟል። ራ የሚባለው የጥንት ግብፆች የፀሐይ አምላክ እግሩን ሰቅሎ ከረሜላዬን ይቆረጥማል። የን የሚባለው የጃፓኖች ገንዘብ ደግሞ ጥግ ይዞ ይቁነጠነጣል። ሦስቱንም አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። ከባለቤቴ ከቢሻው ጋር የእንጨት ፊደላት እየደረደርን ቃል ስንሠራ፣ ሁልጊዜ የሚረታኝ፣ የሉም ብዬ በምሟገትባቸው በእነዚህ መጤ ቁራጭ ቃላት ነው። "ሁለተኛ ካንተ ጋር አልጫወትም" ብዬ ካኮረፍኩት ሰንብቻለሁ።

እነሱ ግን ከከረጢታቸው በፊደል ፋንታ ሰው ነበር የሚያወጡት። ራ የሰፈራችንን ደንብ አስከባሪ አውጥቶ ሰሌዳው ላይ ከእድራችን ሊቀመንበር ጎን ደረደረው። ቀጥሎ ያክ ሰኮናውን ሰደደና ቢሻውን ከነፒጃማው አወጣው።

"ይህ ሰው የለም" አለ የን።

ያክ፣ ኧረ አለ ብሎ ተሟገተ። የን ግን፣ አንድም ቀን ስሙ ሲጠራ አልሰማሁም፣ የማይጠሩት ሰው ሰው አይደለም፣ ይነሳ አለ። ከሰሌዳው የተነሳ ሰው ወዴት ይሄዳል ብዬ ብጠይቅ፣ ራ ከረሜላውን እየቆረጠመ የትም አለኝ። ቢሻው ሰሌዳው ላይ እንደቆመ ያየኛል። አንጀቴን በላው።

"አለ፤ የኔ ነው" አልኩ።

"እስቲ በዓረፍተ ነገር አስገቢው" አለ የን።

"ቢሻው በብርድ እየተነሳ የምታጠብበትን ውሃ ያሞቅልኛል፤ ሳኮርፈውም ያሞቅልኛል" አልኩና እንባዬ መጣ። ያክ ዓይኑን በጭራው ጠረገ። የን ግን እንዲህ ያለ ባል በየትኛውም አገር ታይቶ አይታወቅም ብሎ ቢሻውን በአንገትጌው ብድግ አደረገው። እግሩን ይዤ ስጎትት ነቃሁ።

ነግቷል። አልጋው ላይ ቢሻው የለም። በባዶ እግሬ ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

ተመስገን፣ አለልኝ! ፊደላቱን ደርድሮ ብቻውን ለሁለት ሰው ይጫወታል። የራሱን ተራ ሲጨርስ ይነሳና የእኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እዚያ ሆኖ መነጽሬን አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አሁን የተነሳበትን ባዶ ወንበር ይቆጣል፦

"አንተ ሰውዬ፣ ይህ ቃል የለም አልኩህ!"