የአማቴ መቀመጫ

አማት ያለው ወንድ ሕግ አክባሪ ሊሆን አይችልም! አትቆጡኝ፤ እናንተም ብትሆኑ አማት እስኪመጣባችሁ ነው።

በእኛ በእስቴ የሚስት አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሲመጣ መደቡ ላይ ጥቁርና ነጩ የጉሬዛ ጦጣ ቆዳ ይነጠፍለታል። ተራ አጎዛ ከተነጠፈለት ግን ልጁን ለማን እንደዳረ ያኔ ይገባዋል። የእኔ አማት ግራዝማች ወርቄ ደግሞ ታላቋን ልጃቸውን ወጥ ቀዝቅዞ ቀረበልኝ ብለው ከባሏ ነጥቀው የወሰዱ ሰው ናቸው። እሳቸው ሊመጡ ቀን በቆረጡ ሰሞን፣ «ጉሬዛው ሊያልቅ ነውና ቆዳውን የሸጠም የገዛም ይታሰራል» የሚል የጃንሆይ መንግሥት አዋጅ ገበያ መሃል አይነበብ መሰላችሁ? ወይ ጉድ! ይህ አዋጅ እስከዛሬ የት ነበር?

እንግዲህ ምን ላድርግ... መካነ ኢየሱስ ገበያ ወጣሁ። አንዱ ቆዳ ነጋዴ ጥቁርና ነጭ ምንጣፍ ዘርግቶ «የፍየል አጎዛ! የፍየል አጎዛ!» እያለ ይጮኻል። ጠጋ አልኩት።

«ጉሬዛ አይደለም?»

«ኧረ ፍየል ነው ጌታው!» አለና... ጠቀሰኝ።

ገባኝ! ፍየልማ ማን በጥቅሻ ይሸጣል? የጥጃ ዋጋ ከፍዬ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ከነፍኩ።

ግራዝማች መጡ። ብቻቸውን ቢመጡ ምናለበት! አዋጁን የሚያስከብረውን ነጭ ለባሽ አስከትለው ነው፤ የእህታቸው ልጅ ኖሯል። ምንጣፉን ዳበስ ዳበስ አድርገው ተቀመጡና «ልጄስ ሰው ቤት ገብታለች» አሉ። ደስ አለኝ። ነጭ ለባሹ ግን ዓይኑን ከምንጣፉ አልነቀለም።

«ይህ ጉሬዛ አይደለም?»

አያችሁ ጭንቀቴን? ጉሬዛ ነው ብል እስር ቤት፤ ፍየል ነው ብል ግራዝማች ሚስቴን ይዘውብኝ መሄዳቸው ነው። ነጋዴው ትዝ አለኝ።

«ገብርኤልን፣ ፍየል ነው!» አልኩና ግራዝማችን ጠቀስኳቸው። ገባቸው፤ በሪዛቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

«እስቲ አንዴ ይነሡልኝ አጎቴ» አለ ነጭ ለባሹ። ምንጣፉን ገለበጠው፣ አሸተተው፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ።

«እውነቱን ነው! ጉሬዛ ቢሆን ብዙ ትንንሽ ቆዳ ተገጣጥሞ ነበር የሚሰፋ። ይህ አንድ ወጥ የፍየል ቆዳ ነው፤ ዳር ዳሩን ነጭ ፍየል ቀጥለውበታል። በል ወንድሜ፣ ነፃ ነህ!»

ግራዝማች እንደቆሙ ቀሩ።

«እኔን... ፍየል ላይ?»

እየሮጥኩ የነጭ ለባሹ እግር ላይ ተደፋሁ።

«በእናትህ እሰረኝ! ጉሬዛ ነው!»

«እንዴት ተደርጎ!» አለኝ። «በገብርኤል ምለህ?»